የሚነዝር ቤት

ብየዳ የሚወድ አንድ ሰው ነበረ።

ተቀመጪ ይርገዱ፤ ጥያቄሽን የሸሸሁ አይምሰልሽ። የመጣሽው ሽማግሌ ሆኜ ለልጅሽ ሚስት እንድጠይቅልሽ ነው። ደስ ብሎኝ እሺ ልልሽ አፌን ስከፍት፣ በሩን ዘግተሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ሌላውን ነገር አመጣሽው። ልጅሽ ሲቆጣ እጁን ይሰነዝራል። ባለፈው ዓመት እኅቱን ገፍትሯት ክንዷ ተሰብሯል፤ ለሰፈሩ ግን አዳልጧት ወደቀች ብላችኋል። «እኛ ጠባዩን እናውቀዋለን ጋሼ፤ መቼ ዝም ማለት፣ መቼ ከፊቱ ዞር ማለት እንዳለብን እናውቃለን፤ ቤታችን ሰላም ነው» አልሽኝ። ከዚያ ጠየቅሽኝ፦ «የልጅቷ ወላጆች ሳይጠይቁን ገመናችንን አውጥተን የመንገር ግዴታ አለብን?»

እኔ ደግሞ እንዲህ ላለው ጥያቄ በአንድ ቃል የምመልስ ሰው አይደለሁም፤ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ስሚ። ስሙን አልነግርሽም፤ አንቺም አትጠይቂኝ።

ሰውየው ሾፌር ነበር። ዕድሜውን የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ የራሱን መኪና ይመኝ ነበር፤ ማን የማይመኝ አለ! በመጨረሻ ከአሮጌ ዕቃ ተራ አንድ ፒክአፕ ገዛ። ፒክአፕ አልኩሽ እንጂ ነገሩስ ሬሳ ነበር። ወለሉን ዝገት በልቶት ከመቀመጫው ሆነሽ መሬት ይታይሻል፤ ከኋላ ያለው የጭነት ሳጥን በገመድ የታሰረ ነበር። ሚስቱ ዞራ ዞራ አየችውና «ይሄ የሚነዳ ነው ወይስ የሚቀበር?» አለችው። እሱ ግን አልተቀየመም። «ወለሉን በአዲስ ላሜራ እቀይረዋለሁ፤ ሳጥኑን እሠራዋለሁ፤ እኔው በገዛ እጄ፣ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ» አላት።

ጋራዥ ሊወስደው አልፈለገም። ብየዳን የተማረው ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ በማየት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲሉት ይስቃል። እውነቱን ለመናገር እጁ ክፉ አልነበረም። የቤቱን የብረት በር፣ የመስኮቱን ፍርግርግ፣ ከቤቱ ኋላ ያለውን የቆርቆሮ ጥላ ከነብረት ቋሚዎቹ የበየደው እሱ ነው። ጥላው ከጣሪያው፣ ጣሪያው ከበሩ መቃን፣ ብረቱ ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ነበር። ይህንን ልብ በይልኝ።

የብየዳ ማሽኑንም አሮጌ ነው የገዛው። ሲበራ የሚያጉረመርም፣ ብቻውን ሰው የማያነሣው ከባድ ማሽን ነው። ጥላው ሥር ከብረት ቋሚው ላይ አስደግፎ አስቀመጠውና ከቤቱ መስመር ቀጠለው። ገና ሲያበራው ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ጧ ብሎ ወደቀ፤ ቤቱ ሁሉ ጨለማ ሆነ። አነሣው። ደግሞ ወደቀ። እንዲህ ሲያነሣ ሲወድቅበት ዋለ፤ ሰውየውም ብሬከሩን እንደ ሰው ይሰድበው ጀመር።

ጎረቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርና መጥቶ አየለት። «ማሽኑ ውስጥ የሽቦው ልባስ ተበልቷል» አለው። «ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ ቀፎ እያመለጠ ነው። ይህቺ የመሬት ሽቦ ያመለጠውን ይዛ ወደ መሬት ታወርደዋለች፤ ብሬከሩም ለዚህ ነው የሚወድቀው። ወድቆ እያዳነህ ነው። ማሽኑን ሳታስጠግን አታብራው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።» ሰውየው አመስግኖ እስከ በር ሸኘው። ከዚያ ተመልሶ ፒንሳውን አነሣና የመሬት ሽቦዋን ቆረጣት።

ብሬከሩ ከዚያ ወዲያ አልወደቀም። ማሽኑ እያጉረመረመ ሠራ፤ ብልጭታው ግቢውን ሞላው። ሰውየው በኩራት ወደ ሚስቱ ዞሮ «አየሽ? ጣጣው ሁሉ የዚያች ሽቦ ነበር» አላት።

በማግስቱ ሚስቱ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ የጥላውን ቋሚ ያዝ ስታደርግ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ነዘራት። ጮኸች። ሰውየው መጥቶ ቋሚውን ጨበጠና «ምንም የለውም፤ ይኸው» አላት። እሱ የላስቲክ ሶል ያለው ወፍራም ጫማ አድርጎ ነበር፤ እሷ ባዶ እግሯን ነበረች። ትንሽ አሰበ። ሲያስብ ቆይቶ ማሽኑን ሊያስጠግን ይሄዳል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ እኔም ይህን ወሬ መጀመሪያ ስሰማ የጠበቅኩት እሱን ነው። ሰውየው የሄደው ግን ወደ ገበያ ነው። ለሚስቱና አብራቸው ለምትኖረው እኅቱ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ገዝቶ ተመለሰ። «ማሽኑ ሲሠራ ይህን አድርጉ፤ በባዶ እግራችሁ አትሂዱ። በቃ» አላቸው።

እነሱም ለመዱት። ይርገዱ፣ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ሁለቱም ሴቶች ሳይነጋገሩ እግራቸው ጫማውን ይፈልጋል። በሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ይዘው ይከፍታሉ። በእርጥብ እጃቸው ብረት አይነኩም። ማሽኑ ሲጠፋ ደግሞ ትከሻቸው ዝቅ ይላል፤ ይስቃሉ፤ ይጫወታሉ፤ ቤቱም እንደማንኛውም ሰው ቤት ይሆናል። እኅትየዋ በሩን በጨርቅ ይዛ ስትከፍት ያየ እንግዳ ንጽሕና የምትወድ ሴት ናት እያለ ያመሰግናት ነበር። ያልለመደችው ድመቷ ብቻ ናት። ድመት ጫማ የላትም፤ ቤቱን ጥላ ጎረቤት ገባች። «ውለታ ቢስ» ብለው ሳቁባት።

ለጎረቤት አልተናገሩም። ለምን ይናገራሉ? ማንም አልጠየቃቸውም። ደግሞም ክፉ ነገርን ዘዴ አበጅቶ የሚኖር ሰው ብልኅ የሆነ ይመስለዋል፤ ብልኅነቱ ሲሠራለት ክፉው ነገር እዚያው መሆኑን ይረሳል።

ክረምቱ ሲገባ ሚስትየው ወለደች። ወንድ ልጅ ነው። እናቷ ከገጠር «አራሷን ልጠይቅ እመጣለሁ» ብላ ላከችባት። ሚስትየው እናቷን ከናፈቀች ቆይታለች፤ ግን መልእክቱን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ባሏን ጠርታ «እናቴ ይህን ቤት አታውቀውም» አለችው። «ወይ እውነቱን እንንገራት፣ ወይ እስክትመለስ ማሽኑን አጥፋው።»

«ለእሷ ስል ሥራ ልፍታ? መኪናው ክረምቱን ሙሉ ወለል ሳይኖረው ይቀመጥ?»

«እንግዲያው ልንገራት።»

«ምን ብለሽ? ልጅሽን የሚነዝር ቤት ውስጥ አስቀምጧታል ብለሽ? አማቴ ፊት ልታዋርጂኝ ነው!» አለ። ከዚያ ለስለስ አለ። «ለእሷም ጫማ አስቀምጥላታለሁ። አዲስ፣ የሚያምር። ማወቅም አያስፈልጋት።»

ሚስቱ ወደ ሕፃኑ ተመለሰች። አራስ ናት፤ ደክሟታል፤ ጠብ አትፈልግም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቷ ቀነሰ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ትደነግጣለች። እናቷ አራስ የተኛችበትን ቤት በጫማ የምትረግጥ ሴት አለመሆኗን ታውቃለች፤ ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ እግሯን ታጥባ ነው የምትገባው። ይህን እያሰበች ሕፃኑን ታቅፋ ትቀመጣለች፤ ባሏ ሲገባ ልትነግረው ትልና ፊቱን አይታ ትተወዋለች። ሰውየው እንደሆነ ቃሉን ጠብቆ ቀይ ነጠላ ጫማ ገዝቶ በሩ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጧል። ባየው ቁጥር ደስ ይለው ነበር።

እናትየዋ ዝናብ ሲያካፋ ደረሰች። እኅትየዋ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ሰውየው ከቤቱ ኋላ ጥላው ሥር የብየዳ ጭንብሉን አጥልቆ የፒክአፑን ወለል ይበይዳል። ሚስቱ ጓዳ አልጋው ላይ ሕፃኑን እያጠባች የማሽኑን ማጉረምረም ታዳምጣለች። የዚያን ጊዜ ከደጅ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች! ኧረ የት ናችሁ? እንግዳ መጥቶ ዝም ይባላል?»

«እማዬ!» አለች ልጅቷ ባለችበት ሆና። «በሩ ሥር ጫማ አለልሽ! ነጠላ ጫማውን አድርጊው!»

«የምን ጫማ? የእኔው ጭቃ በጭቃ ሆኖ አወለቅኩት። እግሬን ልለቃለቅና ልግባ።»

«እሱን አድርገሽ ግቢ፣ እማዬ!»

«አራስ ቤት በጫማ? ምን ነካሽ ልጄ? ከተማ ስትገቢ ይሄን አስተማሩሽ?» እናትየዋ ሳቀች። የቧንቧው ውኃ ሲንሿሿ ተሰማ።

ልጅቷ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀራት። ቤቱ ይነዝራል ማለት። ግን እናቷ ምን ትላለች? ባሏስ በኋላ ምን ይላል? ለሰው ሳትናገር የኖረችውን ነገር በመጀመሪያው ሰላምታ፣ እየጮኸች፣ ጎረቤት እየሰማ ትናገረው? ምናልባት እናቷ በሩን ሳትነካው ትገባ ይሆናል። ምናልባት ማሽኑ አሁን ይጠፋ ይሆናል። እንዲህ ስታስብ የእርጥብ እግር ኮቴ ሲሚንቶው ላይ ሰማች። «እማዬ፣ በሩን እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸች። ስትጮኽ የበሩ እጀታ ተንቋቋ።

ከዚያ በኋላ ምንም ድምፅ አልነበረም። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው አይጮኽም፤ አፉ አይታዘዝለትም።

ልጅቷ ሕፃኑን አልጋው ላይ ጥላ ወጣች። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጣቶቿ እጀታውን ጨብጠው አይለቁም፤ መላ አካላቷ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኖቿ ልጇን ያያሉ። ልጅቷ እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች። ከነካቻት ሁለቱም እንደሚያዙ ትዝ ሲላት እጇ አየር ላይ ቀረ። እናትሽ ፊትሽ እየሞተች እጅሽን መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ አንቺው አስቢው፤ እኔ መናገር አልችልም። ፊቷን ከእናቷ አዞረች። ቆጣሪው ከበሩ ወዲህ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነበርና ሮጣ ብሬከሩን ቁልቁል መታችው።

ማሽኑ ዝም አለ። እናትየዋ ደፉ ላይ ተዘረረች።

ከጓሮ የሰውየው ድምፅ መጣ፦ «ማነው መብራት ያጠፋው?» መልስ ሲያጣ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ እየተቆጣ መጣ። የአማቱን አወዳደቅ ሲያይ ሮጦ አጠገቧ ተንበረከከ።

አልሞተችም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሞተችም። ትንፋሿ እየቆየ መጣ፤ መዳፏ ግን ተቃጥሎ ነበር፤ ልቧም እንደ ድሮው አልመታም። ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷት መኪና እስኪመጣ በአልጋ ልብስ ጠቅልለው አስቀመጧት። ሰውየው እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅስ ጀመር። «እማማ፣ ጫማ አስቀምጬልዎ ነበር እኮ! ልብ ብዬ፣ አዲስ ገዝቼ! ምነው ባደረጉት ኖሮ!»

እናትየዋ ቀስ ብላ አንገቷን ቀና አደረገች። በሩ ሥር ጎን ለጎን የተቀመጡትን ቀያይ ጫማዎች አየች።

«ሳታውቅ ቀርተህ ቢሆን ኖሮ አዝንልህ ነበር» አለችው። «ይሄን ጫማ ስትገዛልኝ ግን ታውቅ ነበር።» ከዚያ ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። «አንቺስ፣ ልጄ? አንቺም ታውቂ ነበር?»

ልጅቷ የአልጋ ልብሱን በእናቷ ትከሻ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ወዲያ እናትየዋ ይህን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀቻትም፤ ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ ስትሰማው ትኖራለች። ማሽኑን ጠግኖ የመሬት ሽቦዋን መቀጠል ደግሞ ለጎረቤትየው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ይርገዱ፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ያ ሰው አንቺ ነሽ። ልጅሽ ክፉ ነው አላልኩሽም፤ ሕፃን ሳለ ጀምሮ የማውቀው፣ ሲስቅ ቤት የሚሞላ ልጅ ነው። ያም ማሽን ብዙ በር፣ ብዙ መስኮት ሠርቷል። ግን ውስጡ የተበላ ነገር አለ፤ አንቺም ይህን ታውቂያለሽ። እኅቱ ክንዷ የተሰበረ ቀን ብሬከሩ ወድቆልሽ ነበር፤ አንቺ ግን አዳልጧት ነው ብለሽ ሽቦዋን ቆረጥሻት። ከዚያ ወዲህ ቤታችሁ ሰላም ነው አልሽኝ። ሰላም አይደለም። ሁላችሁም ጫማ አድርጋችኋል፤ ይኸው ነው። የእግሩን ኮቴ ትሰማላችሁ፤ ድምፁን ትለካላችሁ፤ በሩን በቀሚሳችሁ ጫፍ ትከፍታላችሁ። ያቺ ልጅ ግን ባዶ እግሯን ነው የምትመጣው። ወድዳው፣ አምናው፣ ከእናቷ ቤት እንደለመደችው መልስ እየመለሰች፣ እየሳቀች፣ እጀታውን በሙሉ እጇ ትጨብጠዋለች።

ሳንጠየቅ እንናገር ወይ አልሽኝ። ያቺ እናት በር ላይ ቆማ «ቤታችሁ ይነዝራል ወይ?» ብላ መጠየቅ ነበረባት? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ገመና መሸፈን ደግ ነገር ነው፤ እኔም የብዙ ቤት ገመና ሸፍኛለሁ። ጉድጓድን በሣር ሸፍኖ በላዩ ሰው መጋበዝ ግን ሌላ ስም አለው።

ደግሞ ቅድም ያጫወትሽኝ አንድ ነገር አለ። ከሠርጉ በኋላ ከአንቺው ግቢ እንዲኖሩ የኋላውን ክፍል እያደስሽ ነው። «ማታ ድምፅ ከሰማሁ ቶሎ እደርሳለሁ፤ መሐል እገባለሁ» አልሽኝ። ደግነት መስሎሽ ነው የነገርሽኝ፤ ዓይንሽም እንባ አቅርሮ ነበር። ይርገዱ፣ ያ ክፍል ቀዩ ነጠላ ጫማ ነው። አንድ ቀን ሰው «ምንም አላውቅም ነበር» ትይው ይሆናል፤ አዲስ የተቀባው የክፍሉ ግድግዳ ግን ይመሰክርብሻል።

ስለዚህ ልጅሽን ይዘሽው ነይ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ፤ እኔ ግን እሱን ልቀስቅሰው እሞክራለሁ፤ ሊድን ከፈለገ የሚረዳው ሰው አብሬው እፈልጋለሁ፤ ጊዜ ቢፈጅ ይፍጅ። ከዚያ እሱ ራሱ በአፉ ለልጅቷና ለወላጆቿ ይናገራል። ሰምተው እሺ ካሉ ሽማግሌ እሆንልሻለሁ። እንቢ ካሉም አብሬሽ አዝናለሁ፤ አልቀየማቸውም።

ይህ ካልሆነልሽ ግን ሌላ ሽማግሌ ፈልጊ። ሞልቷል። እኔ አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር እረሳለሁ። ይህን ግን ነግረሽኛልና ከእንግዲህ አላውቅም ማለት አልችልም። ያቺ ልጅ አንድ ቀን የተሰበረ ክንዷን ታቅፋ፣ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ያውቁ ነበር?» ብትለኝ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?